ብረት ድስቴን ደፋችሁት፤ ጀሪካኑንስ?

ምግብ ይቆጣጠር ተብሎ ለተቋቋመው መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ከጎንደር

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ኃላፊ። ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ሁለቴ በአካል መጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባው እስኪያልቅ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሳምቡሳና ድንች ጠብሼ እሸጣለሁ። የተመረቅሁት በምግብ ምህንድስና ነው። ሥራ ሲጠፋ ብረት ድስት ገዛሁ። ባለፈው ሰኔ ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ። አንደኛው ጭልፋዬን አንስቶ ዘይቱን አገላበጠና «ጠቁሯል፤ ይሄ ካንሰር ነው» አለ። ከነሳምቡሳው ቱቦ ውስጥ ደፋው። ቅጣትም ጻፈልኝ። ዘይቱ ጠቁሮ ነበር፤ እሱን አልክድም።

ግን አጠገቤ ያለውን ጀሪካን አሳየሁት። «ይሄስ ተመርምሯል?»

«ይሄማ የታሸገ ነው። ምን አገባሽ?»

በሸማቾች ማኅበር ተሰልፈን የምንገዛው ያ የሚረጋው ዘይት ነው። በብርድ ማለዳ በማንኪያ ነው የምዝቀው። ሰው ይህን ዘይት የሚነቅፈው ስለሚረጋ ነው። መርጋት የፓልም ዘይት ባሕርይ ነው፤ ጣጣው ያለው ማጣሪያው ላይ ነው። ሽታውን ለማስወገድ ከ200 ዲግሪ በላይ ያግሉታል። 230ን ሲያልፍ ግሊሲዲል ኤስተር የሚባለው ውህድ በብዛት ይፈጠራል። ድፍድፉ፣ ማለትም ያልተጣራው ዘይት፣ ውስጥ ክሎሪን ያለው ውህድ ካለ ደግሞ 3-ኤምሲፒዲ የሚባል ሌላ ጎጂ ውህድም ይፈጠራል። ግሊሲዲል ኤስተር ሆድ ውስጥ ሲፈርስ ግሊሲዶል ይሆናል። ይህን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለሰው ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ሰፊ ነው ከሚላቸው ተርታ መድቦታል። የእኔ ብረት ድስት ከ180 ብዙም አያልፍ።

መላው ደግሞ የታወቀ ነው። ድፍድፉን ከማጋል በፊት በውሃ ማጠብ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ። ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ ይህንኑ በመመሪያ አውጥቷል፤ መቼም ቢሮዎ ሳይደርስ አይቀርም። አውሮፓውያን ከ2018 ጀምሮ ግሊሲዲል ኤስተር በኪሎ ከ1000 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ገድበዋል። ስለዚህ ከማሌዥያም ሆነ ከኢንዶኔዥያ ለእነሱ የሚልክ አጣሪ ወዶ ሳይሆን በግዱ ይጠነቀቃል። ለእኛ የሚልከውስ ማንን ፈርቶ?

በሦስቱም ማመልከቻ የጠየቅሁት አንድ ወረቀት ነው። እኛ የምንገዛው ዘይት ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ተመርምሮ እንደሆነ ውጤቱን አሳዩኝ፤ ካልተመረመረም አልተመረመረም በሉኝ። እስካሁን ያገኘሁት መልስ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚል ነው። ክፍሉ የት እንዳለ ስጠይቅ ዘበኛው ሳቀ።

የቅጣቱን ደረሰኝ ግን ያን ዕለቱን ነው የሰጣችሁኝ። ማኅተሙ እንኳ አልደረቀም ነበር።

ሳምቡሳ ጠባሿ