ለልጄ፦ የኑርን ቤት ከጀልባ ላይ አየሁት

ሚሚዬ፣

እንዴት ነሽ የኔ እናት? ሕፃኑስ? ሆዱን የሚነፋው ነገር ተሻለው? አብሹን ያስቀመጥኩት ከቁምሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ነው፤ ፈልገሽ ካጣሽው ብዬ ነው። እኔ አዲስ አበባ በሰላም ገብቻለሁ።

ስልክ ላይ «ኢስታንቡል እንዴት ነበር?» ስትይኝ «ጥሩ ነበር» ብዬ ዘጋሁት። ቪዛውን ጨርሰሽ፣ ሆቴል ይዘሽ፣ መኪናና አስጎብኚ ለእኔ ብቻ ቀጥረሽ፣ «ጥሩ ነበር» መልስ አይሆንም። ግን ልጁም ያለቅስ ነበር፣ እኔም የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚሆን አልመሰለኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ግን ልቆጣሽ። አውሮፕላን ማረፊያ ልንለያይ ስንል «እማ፣ ኢስታንቡል አንድ ቀን ታድሪያለሽ፣ የቱርክ ድራማ የተቀረጸበትን ቦታ ያሳዩሻል» ማለት ምን የሚሉት ነው? ፓስፖርቴን «ለሕፃኑ ወረቀት ይፈለጋል» ብለሽ የወሰድሽው ለዚህ ነው ለካ። ነጠላዬ በሻንጣ ሄዶ፣ በሹራብ ብቻ አገር አይቼ መጣሁ።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሆቴሉ በር ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። (ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ጀርመን የተምታታብኝ ሰዓት እዚያ ተስተካከለልኝ።) በዕድሜ ካንቺ አትበልጥም። ቤተሰቧ ከሶርያ፣ ከሐለብ ነው፤ እሷ ግን ያደገችው ኢስታንቡል ነው። አረብኛ የምትችል እንድትሆን አንቺ እንደጠየቅሽ ነገረችኝ። የመኪናውን በር ከፈተችልኝና «ትፈደሊ ማዳም»፣ ይግቡ እመቤቴ እንደማለት፣ አለችኝ።

ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። እውነቴን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ቤሩት «ማዳም፣ ማዳም» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድም ቀን ተብዬ አላውቅም። ቀበቶ ማሰር ሁሉ ጠፋኝ፣ ሹፌሩ ነው ያሰረልኝ።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ባላት ወደሚባል ሰፈር ነው። ቤቱ ሁሉ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ተቀብቷል። መንገዱ ዳገት ነው፣ ጉልበቴን ጨረሰው። «ቹኩር» የሚባል ስለ አንድ የማፊያ ሰፈር የሚያወራ ድራማ የተቀረጸው እዚህ ነው አለችኝ። እኔ አላየሁትም፤ ጥይት የሚበዛበት ፊልም እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ጎብኚው ደረጃው ላይ እየተቀመጠ ፎቶ ይነሳል። ከራሱ በላይ የሰው አንሶላና የልጅ ካልሲ ተሰጥቷል።

የወደድኩት ሌላ ነገር ነው። አንዲት አሮጊት ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ በገመድ ቅርጫት አወረዱ። ታች ያለው ባለሱቅ ውስጡ ያለውን ብር አነሳ፣ ዳቦና የቲማቲም ድልህ ከተተበት፣ ገመዱን ሁለቴ ነቅነቅ አደረገው። ቅርጫቱ እየተወዛወዘ ወጣ። ሴትዮዋ ቆጠሩ መሰለኝ አንድ ነገር ተቆጥተው ጮኹ፤ ባለሱቁ ሳቀና መልስ የረሳውን ሳንቲም ይዞ ቅርጫቱን ደግሞ ጠበቀ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አስጎብኚዋ «ማዳም፣ የድራማው ካፌ በዚህ በኩል ነው» ትለኛለች። የምን ካፌ! ያ ቅርጫት ለአያትሽ የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስንት ደረጃ ያስቀርላቸው ነበር።

ከዚያ በድልድይ ወደ እስያው ወገን ተሻገርን። ሰው ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው በታክሲ ሲሻገር ምን ይሰማዋል ብትይ፣ ምንም። ትራፊክ መጨናነቅ ነው፣ መገናኛ ነው የመሰለኝ። መኪናው ቆሞ ሳለ ግን ልጅቷ ደህና ደህና ነገር አጫወተችኝ። ለካ እነዚህ ድራማዎች አገራቸው ላይ በሳምንት አንዴ ነው የሚታዩት። አንዱ ክፍል ታዲያ ከሁለት ሰዓት ይበልጣል። ወደ ውጭ ሲሸጥ ይቆራርጡታል፤ ለዚህ ነው እኛ ጋ ሲደርስ ማለቂያ የሌለው። በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ፊልም ማድረስ ማለት ነው። ሠራተኛው እንቅልፍ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ተዋናዮቹም መብራት ተሸካሚዎቹም አደባባይ ወጥተው ድራማው ይጠር፣ የሥራ ሰዓታችን ይቀነስ ብለው ነበር አለችኝ። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስበት ድራማ፣ ከካሜራው ኋላ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቆሞ የሚያዛጋ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቆሞ ማዛጋትን ግን አውቃለሁ።

ኩዝጉንጁክ የሚባል ሰፈር ወረድን። የእንጨት ቤት፣ የአበባ ማሰሮ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን፣ ምኩራብም አለ። የቱርክ ሰው የዱሮ ድራማውን ሲያነሳ ይህን ሰፈር ያነሳል። በአንደኛው ድራማ ስም የተሰየመ መንገድ ሁሉ አላቸው። ሌላኛው የተቀረጸበት ዳቦ ቤትም አለ። ቆንጆ ነው፣ ምሳ በላን፣ አለፍን።

ሻይ እየጠጣን «ቤትሽ የት ነው?» አልኳት። «ካዲኮይ» አለች። «የዱሮ ስሙ ኸልቂዱንያ ነው።» ስኒዬን አስቀመጥኩ። «ምን አልሽ?» ደገመችልኝ። ሚሚዬ፣ ኬልቄዶን! ያ እ.ኤ.አ. በ451 የቤተ ክርስቲያን ጉባኤው የተደረገበት ኬልቄዶን! አያትሽ አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአባታችንን የዲዮስቆሮስን ነገር ሲያወራ እንዴት እንደሚሆን ታስታውሻለሽ። ጺሙን ነጩት፣ ጥርሱን አረገፉት ሲል የራሱን ጥርስ የነቀሉት ነው የሚመስለው። እኔ ኬልቄዶንን ሰማይና ምድር መካከል ያለ አገር አድርጌ ነበር የማስባት። «ከፕሮግራሙ ውጭም ቢሆን ውሰጂኝ» አልኳት። ወሰደችኝ። የጀልባ ማቆሚያ ነው። ሰው ሲሚት የሚሉትን ዳቦ ይገምጣል፣ የባሕር ወፍ ይንጫጫል፣ ወጣቶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ። የጉባኤውን ነገር የሚያነሳ አንድም ሰሌዳ አላየሁም። ጫማዬን ላውልቅ አላውልቅ እያልኩ ትንሽ ቆምኩ፣ አላወለቅኩም። ልጅቷ ድራማ የተቀረጸበት መስሏት ፎቶ አነሳችኝ። እሱን ለቄሱ ነው የማሳየው።

አሁን ወደ ኑር ልምጣ።

ኑርን አንቺ የምታውቂው እኔ ስተርክልሽ ነው። በቱርክ ድራማው ውስጥ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። አያትየው የሚወዳት ለሞተችበት ለሀብታም የልጅ ልጃቸው ለሙሀነድ ይድሯታል፣ እሱ ዞር ብሎ አያያትም፣ ቀስ በቀስ ይወዳታል። የድራማው ስም በቱርክኛ «ጉሙሽ» ነው፣ ብር ማለት ነው። አረቦቹ «ኑር» አሉት። የተረጎሙት በሶርያ የመንደር አረብኛ ነው፣ በመጽሐፉ አረብኛ አይደለም። እኔ ታዲያ አረብኛ ያስተማረኝ ማነው? ኑር ናት። ማዳም የምታስተምረኝ «አምጪ» እና «ውሰጂ» ብቻ ነበር። «ናፍቀኸኛል» የሚለውን የሰማሁት ከቴሌቪዥን ነው። ለዚህ ነው ይቺ የሐለብ ልጅ አፏን ስትከፍት ሆዴ የባባው፤ አነጋገሯ የኑር ነው።

እዚህ አገር ሚሌኒየም እየተባለ ዓመቱን ሙሉ ሲዘፈን፣ እዚያ ዓመቱን ሙሉ ኑር ነበር። ሴቱ ሁሉ ባሉን «እንደ ሙሀነድ ለምን አትሆንም» ይላል። የሳዑዲው ታላቁ ሙፍቲ እንዲህ ያለ ድራማ ማየት አይፈቀድም ብለው ነበር፣ ማን ይሰማል። የመጨረሻውን ክፍል 85 ሚሊዮን ሰው አየው ብሎ ጣቢያው ራሱ ተናግሯል። በኋላማ አረቦች ቤቱን ለማየት ኢስታንቡልን አጥለቀለቋት። በ2008 ዓ.ም. ቃና ተከፍቶ የቱርኩ ድራማ በአማርኛ ሲመጣ፣ የኛ አርቲስቶች ገበያችንን ዘጋብን ብለው ሲያማርሩ፣ አክስትሽ በ«ጥቁር ፍቅር» ምክንያት ወጥ ስታሳርር፣ «ምን ነካችሁ?» እያልኩ የምስቀው እኔ ቀድሜ ስለታመምኩበት ነው።

ፕሮግራሙ ላይ «የኑርን ቤት መጎብኘት» ነበር የሚለው። መጎብኘት የሚሉት ለካ ከባሕር ላይ ማየት ነው። ቤቱ የግል ነው፣ ዘው ተብሎ አይገባም። ደውለሽ እንዳትጣያቸው፤ ልጅቷ ምንም ጥፋት የላትም፣ አፍራ ነው የነገረችኝ። ኡስኩዳር ላይ ትንሽ ጀልባ ተሳፈርን። ቦስፎረስ ዳሩን ይዘው የተሠሩትን የእንጨት ቤቶች «ያሊ» ይሏቸዋል። ውሃው እግራቸው ሥር ነው፣ ከሳሎን ወጥተሽ ጀልባ ትገቢያለሽ። ካንዲሊ የሚባለው ጋ፣ ባሕሩ ጠቦ 700 ሜትር ገደማ ወደሚሆንበት ልንደርስ ስንል፣ ባለጀልባው ሞተሩን ቀነሰ። «ይኸው» አለችኝ። አቡድ ኤፈንዲ ያሊ ይባላል።

ወዲያው አወቅኩት። መስኮቶቹን፣ የውሃውን ዳር፣ ሙሀነድ ቆሞ የሚተክዝበትን። እንደዚያ ሆኖ አየሽ፣ የመጀመሪያው ያሰብኩት ነገር፣ ይህን ሁሉ መስታወት ማነው የሚወለውለው? የባሕር ጨው በየቀኑ ነው የሚያደበዝዘው። ቤሩት የማዳም በረንዳ ባሕሩን ያያል፣ እኔ አውቀዋለሁ። «ጓዳው በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጅቷ ይህን የጠየቃት ሰው የለም መሰለኝ፣ ሳቀች። ባለጀልባውን ጠየቀችው። ሽማግሌው በእጁ ወደ ኋላ አመለከተ፤ በመንገዱ በኩል ይሆናል፣ ከባሕር አይታይም አለ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ልጅቷ ሶፍት አቀበለችኝና «ብዙ ማዳሞች እዚህ ሲደርሱ ያለቅሳሉ» አለችኝ። ድራማው ትዝ ብሎኝ መስሏት ነው።

ትዝ ያለኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። የመጨረሻው ክፍል የታየው ነሐሴ 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ ማዳም አሥር ደቂቃ እንድደውል ትፈቅድልኛለች፤ ይህን ታውቂያለሽ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። የአክስትሽን ሞባይል ይዘሽ ትጠብቂኛለሽ። ያን ማታ የማዳም እህቶችና ጎረቤቶቹ ሁሉ መጡ። ቡና አፍልቼ፣ ለውዝ አቅርቤ፣ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ማዳም ራሷ፣ እግዜር ይስጣትና፣ «ሰዓትሽ ነው፣ ሂጂ ደውይ» አለችኝ። «ነገ» አልኳት። ነገ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሌላ ቅዳሜ መጠበቅ እንዳለብኝ እያወቅኩ። ከቴሌቪዥኑ መነሳት አልቻልኩም። ካንቺ ጋር ካወራሁ በኋላ ሌሊቱን ማደር ይከብደኝ ነበር፤ ኑርን አይቼ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።

በሳምንቱ ስደውል አክስትሽ «ልጅቷ ሞባይሉን አቅፋ ተኛች፣ ከእጇ ማውጣት አቃተን» አለችኝ። አንቺን «መስመሩ እምቢ ብሎኝ ነው» አልኩሽ። «እሺ እማ» አልሽኝ። መስመሩ ደህና ነበር ሚሚዬ። አልደወልኩም።

ባለጀልባው ሞተሩን አስነስቶ ሲዞር ፎቶ አንስታኝ ነበር፣ ዓይኔ አብጧል፣ እልክልሻለሁ። ለልጅቷ ከመኪና ስወርድ ካንቺ የተረፈኝን ዩሮ ሰጠኋት፤ አልቀበልም ብላ ታገለችኝ፣ ኪሷ ከተትኩት።

ሕፃኑን ሳሚልኝ። ገንፎውን ቅቤ አብዝተሽ ብይ። ቅዳሜ እደውላለሁ።

እናትሽ