ከሐይቅ ዳር ለስፖርት ገጻችሁ

ሰላም የዝግጅት ክፍሉ። የስፖርት ገጻችሁን ሁሌ አነባለሁ፤ ኳስ፣ ሩጫ፣ ደግሞ ኳስ። ስለ ቀዘፋ ግን አንድም ቀን አላየሁም። እኔ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ያደግኩት አጎቴ በማለዳ ቆሮሶ ሊያጠምድ ሲወጣ አብሬው ታንኳ ላይ እየተቀመጥኩ ነው፤ ከመቅዘፊያው ጉልበቴ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ቅዝቃዜው እስካሁን አይረሳኝም።

ለዚህ ነው የሃዋይን የሞሎካይ ሆኤ የታንኳ ቀዘፋ ውድድር በስልኬ ሳይ ቀጥ ያልኩት። በፈረንጆቹ 1952 የተጀመረ ነው። ከሞሎካይ ደሴት ተነስተው እስከ ኦዋሁ ደሴት፣ ክፍት ውቅያኖስ ላይ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀዝፋሉ። ማዕበል እንዳይገለብጠው ታንኳው በግራ ጎኑ ተንሳፋፊ ታስሮለታል። ስድስት ሰው ይቀዝፋል፤ ሲደክማቸው ግን ታንኳው አይቆምም! ተቀያሪዎቹ ከአጃቢ ጀልባ ባሕሩ ውስጥ ዘለው ይጠብቃሉ፣ ሲደርስላቸው ጠርዙን ጨብጠው ይወጣሉ፣ የደከሙት በወዲያኛው በኩል ይወርዳሉ።

የእኛ ሐይቅ ውቅያኖስ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ከዳር እስከ ማዶ ውድድር ቢኖር ስንት ጎበዝ ቀዛፊ እንዳለን ባያችሁ! የመንሳፈፊያ ጃኬት ብቻ ይቅደም። እባካችሁ አንድ ጋዜጠኛ ላኩና አናግሯቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውሃው ዳር ናቸው።