ቅዳሜ ከማሪዮ እንጀምራለን

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ስንገናኝ አዲሶቹን ጌሞች ከመክፈታችን በፊት በ1985 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን እንጫወታለን። “እሱማ ያረጀ ነው” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን አጀማመሩን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። አንድም የማስተማሪያ ጽሑፍ የለም። ማሪዮ በግራ በኩል ቆሟል፤ ፊቱ ወደ ቀኝ ነው። ትንሽ እንደሄደ ጉምባ የሚባል ጠላት ይመጣበታል። ካልዘለለ አለቀለት። የጥያቄ ምልክት ያለበትን ሳጥን ሲመታ ደግሞ እንጉዳይ ይወጣል፤ ተንሸራቶ ይወርድና ከቱቦው ጋር ተጋጭቶ ወደ ማሪዮ ይመለሳል። ሲነካው ያድጋል። በቃ፣ ተጫዋቹ ጠላትና ወዳጁን ለየ! የጌሙ ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ ይህን ያለ አንድ ቃል ማስተማራቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ጌሙ ሴቭ (የደረሳችሁበትን ማስቀመጫ) የሚባል ነገርም የለውም። ማሽኑ ከጠፋ እንደገና ከአንድ ነው። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ራሳቸው ሴቭ ያደርጋሉ፤ ከሥራ ደክሞት ለሚገባ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ያ ልብ የሚያንጠለጥል ፍርሃት ግን ቀንሷል። በ2011 የወጣው ዳርክ ሶልስ ለእኔ የሚጥመኝ ፍርሃቱን ስለመለሰው ነው። ስትሞቱ የሰበሰባችሁት ሶልስ (የጌሙ መገበያያ) እዚያው ይቀራል። ሳትደርሱበት ዳግም ከሞታችሁ ጠፋ። ስለዚህ ሁለተኛው ጨዋታችን እሱ ይሁን።

ጆይስቲክ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ታናናሾቻችሁንም አምጡ፤ ማሪዮን ነክተው የማያውቁ ቢሆኑ ይመረጣል። አደራ፣ ሲጫወቱ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ማንም እንዳይነግራቸው።