በረኪናና አሲድ በአንድ ባልዲ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ስለ ቤት ጽዳት ባወጣችሁት ምክር ውስጥ «በረኪና መርዝ ስለሆነ ከሕፃናት አርቃችሁ አስቀምጡ» የሚል ማሳሰቢያ አንብቤአለሁ። ማሳሰቢያው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሰዎችን በየመታጠቢያ ቤቱ ለጉዳት የሚዳርገውን ዋና ጉዳይ አልነካም። በረኪና ክዳኑ ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ እስካለ ድረስ በራሱ ተነሥቶ ሰው አያፍንም። የሚያፍነው ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ከምን ጋር መገናኘት እንደሌለበት ደግሞ ጽሑፋችሁ አልነገረንም። ለብዙ ዓመታት ኬሚስትሪ እንዳስተማረ ሰው ይህን ክፍተት በዝምታ ማለፍ አልፈለግሁም።

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ውሕድ በውሃ ውስጥ የሟሟበት ፈሳሽ ሲሆን፣ ለቤት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 እጅ ገደማ ይይዛል። የሚመረተውም የክሎሪን ጋዝን በካስቲክ ሶዳ ውስጥ በማሳለፍ ነው። ክሎሪን በውጨኛው ምሕዋሩ 7 ኤሌክትሮኖች ብቻ ስላሉት ስምንተኛውን ካገኘው አተም ሁሉ ለመንጠቅ ይቸኩላል፤ ኃይለኛነቱም ከዚህ የመጣ ነው። ካስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲገባ ግን ግማሹ እንደ ገበታ ጨው ክሎራይድ፣ ግማሹ ደግሞ ሃይፖክሎራይት ይሆንና በፈሳሹ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል። እስሩ የሚጸናው ፈሳሹ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) እንደሆነ እስከቆየ ድረስ ስለሆነ አምራቾች ሆን ብለው ትርፍ ካስቲክ ሶዳ ይተዉበታል፤ በረኪና እጅ ሲነካ የሚያሟልጨውም ስለዚህ ነው። አሲድ ሲጨመርበት ይህ ጠባቂ ካስቲክ ሶዳ ይጠፋል፤ ክሎራይዱና ሃይፖክሎራይቱም እርስ በርሳቸው ይገናኙና ተመልሰው የክሎሪን ጋዝ ይሆናሉ። አሲዱ ፋብሪካው የሠራውን ሥራ ወደ ኋላ መለሰው ማለት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ጋዙ በቧንቧ ተዘግቶ ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን የሚወጣው ባልዲው ላይ ባጎነበሰው ሰው አፍንጫ ሥር ነው።

ለዚህ የግድ ኃይለኛ አሲድ አያስፈልግም። የሽንት ቤት መቀመጫ ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ለማስለቀቅ የሚሸጠው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በፍጥነትና በብዛት ያደርገዋል፤ ኮምጣጤና ሎሚም ቢሆኑ ይብዛም ይነስ ይህንኑ ያደርጋሉ። አንድ ባለሱቅ በረኪናና አሲድ ጎን ለጎን ደርድሮ ለአንዲት ደንበኛ «ሁለቱን አንድ ላይ ካደረግሽው እንደ መስታወት ያጠራልሻል» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ሁለት ጎበዝ ማጽጃዎች ሲደመሩ አንድ የበለጠ ጎበዝ ማጽጃ ይወጣቸዋል ብሎ አስቦ ነው። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚያነጣው ሃይፖክሎራይት ወደ ጋዝነት ተቀይሮ ስለሚያልቅ ባልዲው ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው ጨዋማ ውሃ ነው። ሴትዮዋ ገንዘቧንም ሳንባዋንም ታጣለች።

ክሎሪን ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል። መስኮቱ ጠባብ በሆነ ወይም ጭራሹን በሌለበት የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ውስጥ በርከክ ብሎ ወለል የሚፈትግ ሰው ፊቱ ያለው ጋዙ በሚከማችበት ከፍታ ላይ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች በአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ 10 እጅ ክሎሪን ሲገኝ ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ነው ይላሉ። እኔ ባሰላሁት መሠረት 6 ሜትር ኩብ ይዘት ባለው አነስተኛ መታጠቢያ ቤት እዚህ መጠን ላይ ለመድረስ ሩብ ግራም እንኳን የማይሞላ ክሎሪን ይበቃል። ጋዙ እርጥበት ባለበት ዐይን፣ ጉሮሮና ሳንባ ላይ ሲያርፍ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ እዚያው አሲድ ይሠራል፤ መጀመሪያ ዐይን የሚያቃጥለውና የሚያስለው ለዚህ ነው።

አደጋው የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስለን፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በርሊንግተን ከተማ በሚገኝ አንድ ምግብ ቤት የደረሰውን ላንሣ። ወለሉ ላይ አሲድነት ያለው ማጽጃ ፈስሶ ነበር። ሌላ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ወለሉን ለማጽዳት ሃይፖክሎራይት ያለበትን ማጽጃ ጨመረበት፤ ድብልቁም አረንጓዴ ሆኖ አረፋ ማውጣት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ሌሎቹን ለማዳን ፈሳሹን በመጥረጊያ ገፍቶ ከቤቱ ለማስወጣት ሲታገል ጋዙን በመተንፈሱ ሕይወቱ አለፈ፤ ከ10 በላይ ሰዎችም ሆስፒታል ገቡ። ልብ በሉልኝ፣ እዚያ ቤት ሆን ብሎ የቀላቀለ ሰው አልነበረም። ሁለቱ ኬሚካሎች የተገናኙት ወለሉ ላይ፣ በሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በረኪናም አሲድም ከጀሪካን በሃይላንድ እየተቀዳ በችርቻሮ ይሸጣል፤ ሃይላንዱ ላይ የሚነበበው የታሸገ ውሃ ስም እንጂ የይዘቱ ስም አይደለም። ምልክት የሌለውን ዕቃ «ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ» ብሎ ማስጠንቀቅ አይቻልም። በየዐረብ አገሩ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንም በረኪናውን ክሎሮክስ በሚል ስም ይቀበሉታል፤ ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቹ አያነቡትም። እነርሱን ሊገጥማቸው የሚችለው ሌላው ነገር አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ነው፤ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባሉ ጋዞች ይወጣሉ፤ እነዚህም ሳንባን ይጎዳሉ። የሽንት ሽታ የጠነከረበት ሽንት ቤትም አሞኒያ ስለሚኖረው በረኪና ከመደፋቱ በፊት በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ በረኪናን የሚረግም አይጠፋም ይሆናል። ይህም ስሕተት ነው። ውሃ አጋር ብለን ወደ መጠጥ ውሃችን የምንጨምረው ፈሳሽ ያው ሃይፖክሎራይት ነው፤ በጥቂቱ ተመጥኖ ሲገባ የጀርሞቹን ኤሌክትሮን እየነጠቀ ይገድላቸዋል፣ እኛን ከተቅማጥ ያድነናል።

ስለ ሕክምናው አንድ ነገር ብቻ ላክል። ጋዝ የሸተተውን ሰው ወተት ማጠጣት በየሠፈሩ የተለመደ ነው፤ ወተት ግን ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም። የሚያስፈልገው ባልዲውን እዚያው ትቶ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ ዐይንን በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ሳሉ ጋብ ያለለት ሰውም ዳንሁ ብሎ መተኛት የለበትም፤ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። እንዲህ ያለ አደጋ ስትዘግቡ «በኬሚካል ታፍነው» ብላችሁ አትለፉ፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ ጠይቃችሁ ሁለቱንም በስማቸው ጻፉልን። የአገር ውስጥ የበረኪናና የአሲድ አምራቾችንም አነጋግሩልን፤ በየጠርሙሱ ፊት ለፊት፣ በጀርባው ባለው ደቃቅ ጽሑፍ ውስጥ ሳይሆን፣ በጉልህ የአማርኛ ፊደል «ከአሲድ፣ ከኮምጣጤና ከአሞኒያ ጋር አይቀላቀልም» ብለው እንዲያትሙና አሲዱም ላይ «ከበረኪና ጋር አይቀላቀልም» ብለው እንዲደግሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከአዲስ አበባ