በርጩማውን የጠረበው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጅማ ውስጥ እንጨት ጠርቤ የማድር ሰው ነኝ። በፈረንሳይዋ የቱር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተ አንድ ሙዚየም አለ። የሚታየው የንጉሥ ዘውድ አይደለም፤ የአናጢ፣ የግንበኛ፣ የአንጥረኛ ሥራ ነው። የሙያ ማኅበሮቻቸው ወጣቱን ከከተማ ከተማ እያዞሩ ያስተምሩታል። እጁ መፍታታቱን የሚያስመሰክረው አንድ ምርጥ ሥራ ሠርቶ ነው። ጠመዝማዛ የእንጨት ደረጃዎች በትንሽ መጠን ተሠርተው ተቀምጠዋል። ማንም አይወጣባቸውም፤ ልካቸው ግን ዝንፍ አይልም።

የእኛስ? የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ሚስማር የለ፣ ኮላ የለ። የመቀመጫውን ውፍረት በመዳፋችን እየዳበስን እንጠርባለን። መሮው ትንሽ ከሳተ ያ ሁሉ ዋንዛ ለማገዶ! (ሦስት እግር ደግሞ ወለሉ ቢጎረብጥም አይነቃነቅም።)

ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ጎብኚ የንጉሡን ስም ይዞ ይመለሳል። ያንን ሁሉ እንጨት የጠረቡትን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እናም በከተማችን ለባለሙያ ሥራው የሚታይበት አንድ ክፍል ይሰጥ። ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩም ይግቡበት፤ በስድብ ስም ሳይሆን እናታቸው ባወጣችላቸው። መጥረቢያውና መሮው ከዕቃው ጎን ይቀመጥ። ግማሹ ብቻ የተጠረበ በርጩማም ይኑር። ሰዉ ያለቀውን ብቻ እያየ "ተወደደ" ይለናላ! እሱን እኔ በነፃ አቀርባለሁ።

እንጨት ጠራቢው፣ ከጅማ