ድንጋይ አለቀ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የድሮ የራዲዮና የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ስለሚናፍቋቸው ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጋዜጣውን አንድ ደንበኛዬ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ማሽኔ ላይ ረስቶት ስለሄደ ሒሳቡን አልከፈልኩም፤ ለዚህ ይቅርታ። ጸሐፊው ያን ጊዜ ሰውም ራዲዮውም ጨዋ እንደነበር ይነግሩናል። ናፍቆታቸውን እጋራለሁ፤ ምክንያታቸው ግን አልተዋጠልኝም። ያው ራዲዮ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» የሚል ዜናም ያነብልን ነበር። አባቴ ያን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ በሩ ያይ እንደነበር አልረሳም።

እኔ ዛሬ ደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ ነኝ። ያደግሁት ግን መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ መንደር። አባቴ ሁለት ሙክት ሸጦ ራዲዮ ይዞ ሲመጣ እናቴ አቡጀዲ ላይ አበባ ጠልፋ ልብስ ሰፋችለት። እኛ ቤት በልኩ የተሰፋ ልብስ ቀድሞ የለበሰው ራዲዮው ነው፤ እኔ ገና የታላቅ ወንድሜን ቁምጣ ነበር የምጎትተው።

ራዲዮው አራት ድንጋይ ይጎርሳል። የባትሪ ድንጋይ ደግሞ ገበያ ካልተወጣ አይገኝም። ስለዚህ አባቴ ሕግ አወጣ፦ ዜና ይከፈታል፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» ይከፈታል፣ ዘፈን አይከፈትም። «ዘፈን ድንጋይ ይበላል» ይል ነበር። ድምፁ መድከም ሲጀምር ድንጋዮቹን አውጥተን ካቡ ላይ እንደ ብቅል ፀሐይ እናሰጣቸዋለን። ጠባቂው እኔ ነኝ። ከዚያ አጎቴ ይቀበለኝና አንድ በአንድ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርጋቸዋል፤ ጥርስ ያላረፈበት ድንጋይ እኛ ቤት አልነበረም። ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ መጽሐፍ ለሚያነብልን ለተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ።

ወጋየሁ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚያነብበት ጊዜ ቤታችን ጢም ይላል። ጎረቤት ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንዱ ኩበት፣ አንዷ የገብስ ቆሎ ይዛ ትገባለች። እናቴ ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ነገሩ ሲጠና እንዝርቷ ይቆማል። ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ይጎረናል፣ ሰብለ ወንጌልን ሲሆን ይለሰልሳል። የሚያነበው አንድ ሰው ነው ብንላት እናቴ አላመነችም። «ታዲያ ሴቲቱ የማን ልጅ ናት?» ትለናለች።

የዕለቱ ንባብ አልቆ ራዲዮው ሲዘጋ ነው ታዲያ ዋናው ነገር የሚጀምረው። አባቴ ዕድሜውን በርስት ክርክር የፈጀ ሰው ነው፤ መሬት የመንግሥት ከሆነ በኋላ እንኳ ዘር መቁጠር አልተወም። የፊታውራሪው ጠበቃ እሱ ነበር። «ልጁን ለማንም ይስጣት ነው የምትሉት? አጥንት አይቶ ነው እንጂ!» እናቴ ቀና ሳትል፣ «አጥንት ብቻውንማ ውሻ ነው የሚወስደው» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አባቴ ግን ሁለት ቀን አኮረፈ። ጉዱ ካሣን ያበደ ነው የሚሉና የለም፣ ጤነኛው እሱ ብቻ ነው የሚሉ ደግሞ አጨዳ ላይ ሳይቀር ማጭዳቸውን ይዘው ቆመው ሲከራከሩ አይቻለሁ። የሚቀጥለው ንባብ እስኪደርስ መንደሩ ሥራ አላጣም።

መጽሐፉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ድንጋዩ አለቀ። ፀሐይም ጥርስም አላዳነውም። አባቴ ገበያ ወጥቶ አዲስ ድንጋይ ይዞ ሲመለስ ወጋየሁ ጨርሶ፣ ሌላ መጽሐፍ ተጀምሮ ደረስን። «አያ ጋዜጣ» የምንላቸው ጎረቤታችን ግን ሞላሌ ዘመድ ቤት ሰንብተው ኖሮ እስከ መጨረሻው ሰምተውታል። እናቴ ጠላ ቀዳችላቸውና «አያ፣ ልጆቹ እንዴት ሆኑ?» አለች። ጺማቸውን እየጠረጉ ጥቂት ዝም አሉ። «ተጋቡ» አሏት። እናቴ እልል አለች።

እውነቱን ያወቅሁት ደብረ ብርሃን ስፌት ልማር ከመጣሁ በኋላ መጽሐፉን ተውሼ ሳነብ ነው። በዛብህ ሲሞት፣ ሰብለ ስትመነኩስ፣ ገጹን የማነበው በወጋየሁ ድምፅ ነበር፤ ያንን ክፍል እሱ ሲያነብ አንድ ቀን እንኳ ሳልሰማ!

ቴሌቪዥንም ያየሁት በዚያው ሰሞን፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ አዳራሽ ሙሉ ልጅ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላምታ ይመልስላቸዋል፤ ጺሜን ማብቀል የጀመርኩት እኔም ተነሥቻለሁ። 42 ዓመት ያህል ልጆችን ሲያጫውቱ ኖረው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። በ1980 ዓ.ም. በሴካፋ ዋንጫ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስናሸንፍ ጨዋታውን ስላስተላለፈው ስለ ስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ ከጀመርኩ ግን ገጽ ስለማይበቃችሁ ልለፈው።

ጸሐፊያችሁ የድሮው ይደገምልን ይላሉ። የድሮውማ በልጄ ስልክ ውስጥ አለ። ልጁ ጣቱን እያንሸራተተ የደበረውን ይዘልላል፤ ሦስት ክፍል በአንድ ምሽት ይጨርሳል፣ ከማንም ጋር ሳይጣላ ይተኛል። እኔን የናፈቀኝ ጠቡ ነው። ስለዚህ አንዱ ጣቢያ አዲስ መጽሐፍ ይምረጥ፣ የሚያነብ አፍ ያለው ሰው ይፈልግ፣ በቁርጥ ሰዓት ያንብብልን፣ መሐሉ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ አይሰንቅርበት። እዚህ ሱቄ ውስጥ ቁልፍ ሊያስተክል የሚመጣ ሁሉ ስለ ኑሮ ውድነት ብቻ ነው የሚያወራኝ፤ ለዚያ ሰው የሚሟገትበት አንድ ፊታውራሪ ስጡልኝ።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ማታ ማታ ልጄ ስልኩን ትራሷ ላይ አድርጎ ወጋየሁን ይከፍትላታል። መጨረሻው ሲቃረብ በዓይኔ እጠቅሰዋለሁ፣ ይዘጋዋል።

«ምነው?» ትላለች።

«ድንጋይ አለቀ፣ እማዬ።»

«ይሁን። መጨረሻውንማ አያ ጋዜጣ ነግረውኛል» ትልና ጋቢዋን ትከናነባለች።

ልብስ ሰፊው፣ ከደብረ ብርሃን