ለአባቴ፣ ስለ እህቴ ሠርግና ስለ ወረደው ቁጥሬ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬና ታናናሾቼስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁት የዓመት ፈቃዴ ቁርጥ እስኪታወቅ ስጠብቅ ነው። አሁን ታውቋል፤ በጥር ለሚሆነው የእህቴ ሠርግ መድረስ አልችልም።

ባለፈው በስልክ «ከካፒቴንነት አወረዱት ይባላል፤ ምን አጥፍተህ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ እማዬ አጠገብዎ ስለነበረች ምንም እንዳላጠፋሁ ብቻ ተናግሬ አለፍሁ። ዛሬ ግን በዝርዝር ልንገርዎት፤ በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ዕድሜዎን ሙሉ ስምዎን ጠብቀው የሠሩ ሰው፣ ልጄ በጥፋት ተቀጣ ብለው እንዲያዝኑ አልፈልግም።

እዚህ አሜሪካ የአብራሪ ኑሮ የሚወሰነው በአንድ ቁጥር ነው፤ ይኸውም ኩባንያው አብራሪዎቹን በቅጥር ቅደም ተከተል ከሚያሰፍርበት ዝርዝር ላይ ያለው ተራ ቁጥሩ ነው። አዲስ ተቀጣሪ በዝርዝሩ ግርጌ ይገባል፤ ከበላዩ ያሉት ሲለቁ ወይም በ65 ዓመታቸው ሕጉ አስገድዷቸው ሲወጡ እሱ ከፍ እያለ ይሄዳል። የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር፣ መቼ ካፒቴን እንደሚሆን፣ ከየትኛው ከተማ እንደሚነሣ፣ በዓልን ቤቱ ይዋል ወይስ ሆቴል ይደር የሚለው ሁሉ በዚያ ቁጥር ነው። ሥራ ሲቀንስም መጀመሪያ የሚሰናበተው መጨረሻ የገባው ነው። «ለምን ሌላ ኩባንያ አትገባም?» ላሉኝ መልሱም ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ስለማይዛወር፣ ሃያ ዓመት የበረረ ካፒቴን እንኳ ሌላ ዘንድ ቢሄድ ከግርጌ ይጀምራል።

የእኔ ኩባንያ ከሌላ ኩባንያ ጋር ሲዋሐድ ሁለቱን ዝርዝሮች አንድ ማድረግ ግድ ሆነ። ወንድሜ በየቀኑ የሚውልበትን የባጃጅ ተራ ያስቡት። በአንዱ ተራ ተሳፋሪ ጠፍቶ ብዙ ባጃጅ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፏል፤ በሌላው ተራ ደግሞ ተሳፋሪው በዝቶ የመጣው ሁሉ ወዲያው ይጭናል። ተራ አስከባሪው ሁለቱን ሰልፍ ቀላቅሉ ቢል የመጀመሪያዎቹ «ቀድመን የመጣን እኛ ነን» ይላሉ፤ የሁለተኛዎቹ «በራሳችን ሰልፍ ብንቆይ ይኼኔ ጭነን በሄድን ነበር» ይላሉ። እኔ ከሁለተኛው ሰልፍ ነበርሁ። ኩባንያችን እያደገ ስለነበረ በጥቂት ዓመት ካፒቴን ሆንሁ፤ የእነዚያ ግን ለዓመታት እየከሰረ ስለኖረ ከእኔ በፊት የተቀጠሩት ገና ረዳት አብራሪዎች ነበሩ።

የሠራተኛ ማኅበሮቻችን ስላልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኞች ሄደ። ዝርዝሩ በወጣበት ሌሊት ሆቴል ውስጥ ነበርሁ። ስሜን ባሰብሁት ቦታ አጣሁት፤ ገጹን ወደ ታች እየገፋሁ፣ ወደ ታች እየገፋሁ ብዙ ከሄድሁ በኋላ አገኘሁት። ከበላዬ የተደረደሩት አብዛኞቹ የማላውቃቸው ስሞች ነበሩ። በኩባንያዬ ከግማሽ በላይ የነበርሁት ሰው በአዲሱ ዝርዝር ከግማሽ እጅግ ዝቅ ብያለሁ። በውህደቱ ምክንያት ማንም የያዘውን ወንበር እንዳይነጠቅ የሚከለክል አንቀጽ ስለነበረ ለጊዜው ካፒቴን ሆኜ ቀጠልሁ። ኋላ ግን ኩባንያው የምነሣበትን ጣቢያ ሲዘጋ ሁላችንም በአዲሱ ቁጥር ተደለደልን፤ ለእኔ የደረሰኝም በሌላ ከተማ የረዳት አብራሪነት፣ ያውም የተጠባባቂ ቦታ ነው።

ይህ በእኔ አልተጀመረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ቲ ደብሊው ኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የመጡ ሰዎች እንደነበሩበት እርስዎ ነበሩ ያጫወቱን። ያ ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ለአሜሪካን ኤርላይንስ ተሸጠና ከአብራሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዓመታት አገልግሎታቸው ተረስቶ በገዢው ዝርዝር ግርጌ ተቀጠሉ፤ በዚያው ዓመት መስከረም አሜሪካ ላይ ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ ሥራ ሲቀንስም ብዙዎቹ ተሰናበቱ። በዚህ ቁጭት የተነሡ ሁለት የሚዙሪ ግዛት ሴናተሮች እ.ኤ.አ. በ2007 ሕግ አስወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ዝርዝሮች ፍትሐዊ በሆነ መንገድ እንዲዋሐዱ፣ ስምምነት ከጠፋም ገላጋይ ዳኛ እንዲወስን ሆኗል። ዳኛ ቢኖርም ጠቡ አይበርድም። ዩኤስ ኤርዌይስ ከአሜሪካ ዌስት ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዋሐድ የግልግል ዳኛው 517 ነባር የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎችን ከሁሉ በላይ፣ ከሥራ ተሰናብተው ጥሪ ይጠብቁ የነበሩትን ከሁሉ በታች አድርጎ የቀሩትን ቀላቀለ። ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ሰዎች ትናንት ከተቀጠሩት ጎን ስለተመደቡ ተቆጥተው ማኅበራቸውን በድምፅ ጣሉና ሌላ አቋቋሙ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ያ ዝርዝርም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

አባቴ፣ ይህን የምተርከው ሰበብ ለመደርደር አይደለም። የተቀጠሩበት ቀን ብቻ ፍትሕ ነው የሚለውን አልቀበልም፤ ሰው በውህደቱ ዕለት በእጁ የነበረው ወንበርና ይጠብቀው የነበረው ተስፋ አብሮ መመዘን አለበት። ይሁንና አሁን አብሬው የምበርር ከሌላው ኩባንያ የመጣ አንድ ካፒቴን፣ ኩባንያው አሰናብቶት ለዓመታት የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። ሌሊት ስንበርር ልጆቹን እንዴት እንዳሳደገ አጫወተኝ፤ ቁጥሬን ወሰድህብኝ ልለው አፌ አልታዘዘልኝም። ቅር መሰኘቴ ግን እንዳለ ነው።

የዓመት ፈቃድም በዚያው ቁጥር ስለሚመረጥ ለእኔ ተራው ሲደርስ የጥር ሳምንታት አልቀው ነበር። የሚቀይረኝ ሰው ጠይቄ ጠይቄ አጣሁ። የደረሰኝ መጋቢት ነው፤ በዐቢይ ጾም መካከል ስለሚውል ሠርግ አይደገስበትም። እህቴ «ከፋሲካ በኋላ እናድርገው፤ ያለ አንተ አልዳርም» ብላ የላከችልኝን መልእክት ደጋግሜ አዳመጥሁት። እባክዎ እሺ እንዳይሏት። ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠዋል፣ የሙሽራው ወገኖች ተሰናድተዋል፣ ሚያዝያም ቢሆን ፈቃድ ለማግኘቴ ዋስትና የለኝም። እርስዎ ለረጅም ሰዓት መቆም ስለማይሆንልዎት በእኔ ቦታ አጎቴ ከጎንዎ ይሁን። እሷን በጀርባዬ አዝዬ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ለማየት ሐይቁ ዳር የምወርድበት ጊዜ አሁንም ፊቴ ላይ ነው፤ ታንኳው ብቅ ሲል አንገቴን አንቃ በደስታ ትጮህ ነበር። እሷ ስትዳር ከድንኳኑ ደጅ ቆሜ እንግዳ የማልቀበል ወንድም እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አንዳንድ ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ የምን ከተማ እንደሆነ ከማስታወሴ በፊት የጣና ነፋስ ይሸተኛል።

ገንዘቡን በባንክ ልኬያለሁ። ከአምናው ያነሰው ደመወዜ ስለቀነሰ ነው፤ አልጋም ምግብም አልጎደለብኝም፣ አያስቡ። የድንኳኑና የበሬው ከዚህ ይከፈል፤ የቀረው ለሙሽራዋ ይሁን። ለልብሷ ለብቻው እልካለሁ፤ እሷ የመረጠችውን ትግዛ፣ ዋጋው ውድ ነው ብላችሁ እንዳታስቀይሯት።

የግፊት መድኃኒትዎን በድግሱ ግርግር እንዳያቋርጡ አደራ፤ ጨው የበዛበትንም ምግብ ይተዉ። በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሚቀጥለው ቀጠሮዎ በመጋቢት አጋማሽ እንዲሆን ወንድሜ ያስይዝልኝ፤ ይዤዎት የምሄደው እኔ ነኝ። ለእማዬ ፈቃድ አጣ ይበሏት፤ ስለ ወንበሩ መጥቼ እኔው እነግራታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ